ሁለት ቀን በላሊበላ፦ ከፌርፋክስ ለሚነሳ መንገደኛ

በሎስ አንጀለስ ሚድ ሲቲ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ባለው አጭር መንገድ ግራና ቀኙን የሀበሻ ሬስቶራንቶች፣ የእንጀራና የበርበሬ መሸጫዎች ይዘውታል። የከተማዋ ምክር ቤት ሰፈሩን በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚዘወተሩት ፎቶግራፎች አንዱ ከጉድጓድ ውስጥ በመስቀል ቅርጽ የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ፎቶውን ለዓመታት እያየ ክትፎና ሽሮ የበላው ሰው ብዙ ነው፤ ቦታውን በአካል የረገጠው ግን ጥቂት።

ምክንያቱ በአብዛኛው የጊዜ ማጠር ነው። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ከካሊፎርኒያ የተነሳ መንገደኛ፣ ሁለቱን ሳምንት ዘመድ ጥየቃ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሰርግና የቤት ጉዳይ ይጨርሱበታል። ለላሊበላ የሚተርፈው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። ይህ ጊዜ አጭር ቢሆንም ይበቃል። የሚበቃው ግን መንገደኛው ላሊበላ ደብር መሆኗን፣ ሰዓቷም የደብር ሰዓት መሆኑን አውቆ ከተነሳ ነው።

ነገሩን በንጽጽር ለማየት የጣሊያኗን ማቴራን ማንሳት ይጠቅማል። ማቴራ በደቡብ ጣሊያን በባዚሊካታ ግዛት፣ በገደል አፋፍ ላይ ያለች ጥንታዊ የዋሻ ከተማ ናት። «ሳሲ» በሚባሉት ሁለት ሰፈሮቿ ሰዎች ለስላሳውን ነጭ ድንጋይ ፈልፍለው ቤት፣ በረት፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ቤተ ክርስቲያን አድርገውት ኖረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ቤተሰብ ከነከብቱ በአንድ ዋሻ የሚያድርባት፣ ወባና ድህነት የጸናባት ሆና «የጣሊያን ኀፍረት» ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ 15 ሺህ ያህል ነዋሪዎቿ ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወሩ። ዋሻዎቹ ለዓመታት ባዶ ቀሩ። በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል ዋና ከተማ ሆነች። ዛሬ ከዋሻዎቹ ብዙዎቹ ሆቴልና ምግብ ቤት ናቸው። ከባሪ አውሮፕላን ማረፊያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ ቀላል ነው። ጎብኚው በፈለገው ሰዓት ይገባል፤ በፈለገው ሰዓት ይወጣል።

በላሊበላ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። እዚህ ድንጋዩን ከተማ ሳይሆን መቅደስ አድርገውታል፤ መቅደሱም ከ800 ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል።

ላሊበላ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መካከል ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቀድሞ ስሟ ሮሃ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሠራቸው ይታመናል። ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት እየተፈራረቁ ሠሯቸው የሚለውም ትውፊት ከዚሁ ጋር ይነገራል። የታሪክና የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሥራው በተለያየ ዘመን በየደረጃው መከናወኑን፣ ከፍልፍሎቹ አንዳንዶቹም መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት የተሠሩ ሳይሆኑ እንደማይቀር ይገልጻሉ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነው ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው።

አሠራሩ የተለመደውን የግንባታ ሥርዓት ይገለብጠዋል። ግንበኛ ከመሠረት ይጀምራል፤ የላሊበላ ጠራቢ የጀመረው ከጣሪያ ነው። መጀመሪያ በቀይ እሳተ ገሞራ አለት ላይ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ያስቀራል። ከዚያ ቋጥኙን ከላይ ወደ ታች እየጠረበ በርና መስኮት ያወጣል፤ በእነሱም ገብቶ ውስጡን ይፈለፍላል። ዓምድ፣ ቅስትና ጉልላት የሚባለው ሁሉ ተገንብቶ ሳይሆን ሌላው ተቆርጦ ሲወጣ የቀረ ነው። በዚህ ሥራ የተሳሳተ መዶሻ አይታረምም። የዝናቡ ውኃ ግቢው ውስጥ እንዳይተኛም የቦዮቹ ወለል ተዳፋት ተደርጎ ተቆፍሯል።

እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቶ ለቃሉ እውነተኛነት መማሉ ይታወቃል። መጽሐፉ የታተመው በ1540 ነው።

የአጭር ጉብኝት እቅድ የሚጀምረው ከአቀማመጡ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በሦስት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ምድብ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ አሉ። ዮርዳኖስ ከተባለው ወንዝ ማዶ በሁለተኛው ምድብ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ተለይቶ ብቻውን ነው። አንድ ትኬት ሁሉንም ያሳያል፤ የሚቆረጠውም በመጀመሪያው ምድብ መግቢያ ነው።

የጠዋቱ በረራ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት አለ። ሆቴል ዕቃ አስቀምጦ ምሳ እስኪበላ አብያተ ክርስቲያናቱም ለምሳ ሰዓት ተዘግተው ይቆያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያው ምድብ ይሁን። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት፣ 23 ሜትር ተኩል ያህል ወርድ፣ 11 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ሲሆን ከአንድ ወጥ ድንጋይ ከተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ትልቁ ይባላል። አፍሮ አይገባ የሚባለው የወርቅ መስቀል መኖሪያም ይኸው ነው። መስቀሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየም ከተገኘ በኋላ በ2001 ተመልሷል። ቤተ ማርያም አነስ ትላለች፤ ነገር ግን በጣሪያና በቅስቶቿ ላይ ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎች ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። የንጉሡ መካነ መቃብር እንደሆነ ወደሚታመነው ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ባልና ሚስት አብረው የሚሄዱ ከሆነ ይህን አስቀድመው ቢያውቁ በር ላይ ከመደናገር ይድናሉ።

ሁለተኛው ቀን ማልዶ መነሳት ይጠይቃል። እሑድ ከሆነ ቅዳሴው በሌሊት ተጀምሮ በማለዳ ይፈጸማል። በጾም ቀናት ደግሞ ቅዳሴ ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚገፋ፣ ጎብኚው የሚገባበት ሰዓት ይለወጣል። የጾሙን ወቅት ከቀን መቁጠሪያ ላይ ሳያዩ ትኬት የቆረጡ ብዙዎች ከበር ቆመው የጠበቁት በዚህ ምክንያት ነው። በሎስ አንጀለስና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ወቅቱ የ10 ወይም የ11 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ገና በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ላሊበላ የደረሰ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፉ ይበናል። ቅዳሴ ለማስቀደስ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም።

ከቅዳሴና ከቁርስ በኋላ ሁለተኛው ምድብ ይቀጥላል። እዚህ ያለው መንገድ ጠባብ ቦይ፣ ደረጃና ድልድይ ይበዛዋል። በመሐሉ የሲኦል ምሳሌ ነው የሚባል ድቅድቅ ያለ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ አለ። አስጎብኚዎች እንግዳውን መብራት አጥፍቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ እንዲያልፍ ይጋብዛሉ። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ጨለማ የሚፈራ ሰው በላይ በኩል መዞር ይችላል። ቤተ አማኑኤል ግድግዳው የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ንብብር አስመስሎ የተጠረበ በመሆኑ፣ ጥበቡ ከየት እንደተወረሰ በግልጽ ያሳያል።

ቤተ ጊዮርጊስ ለመጨረሻ ይቀመጥ። ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደተሠራ ይታመናል፤ ጥርበቱም ከሁሉ የጠራ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ «የእኔስ?» ብሎ ንጉሡን ወቀሰ፣ ንጉሡም ይህን ሠራለት፣ እሱም በፈረሱ ሆኖ ሊያየው መጣ ይላል ትውፊቱ። የፈረሱ ኮቴ ምልክት ነው የሚባለውም ለእንግዳ ይታያል። ፎቶ ለማንሳት የሚመረጠውም የከሰዓቱ ፀሐይ ቀዩን ድንጋይ የሚያገኝበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛ ቀን የተረፈው መንገደኛ፣ ዋሻን ካሰበ ይምርሐነ ክርስቶስን ያስባል። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ በተራራ ላይ የሚገኘው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ በፊት በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራ ነው። እሱ አልተፈለፈለም፤ በትልቅ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተነባበረ ተገንብቷል። ከከተማው ብዙ ያልራቀው ነአኩቶ ለአብም በዋሻ አፍ የተሠራ ነው። መግቢያቸው ከ11ዱ ትኬት ተለይቶ ይከፈላል።

ጓዙ ብዙ አይደለም። በየበሩ ጫማ ስለሚወለቅ ቶሎ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል፤ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውም። ለሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ለሁሉም ለብርዱ ጋቢ ወይም ጃኬት ይያዝ። በመቅደስ ውስጥ የካሜራ ፍላሽ ሥዕሎቹን ስለሚጎዳ አይበራም። ሎስ አንጀለስ በባሕር ዳርቻ፣ ላሊበላ ግን በከፍታ ላይ ናት፤ ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ዘመድ ጥየቃውን አስቀድሞ በአዲስ አበባ ጥቂት ቀን የሰነበተ ሰው ከፍታውን በግማሽ ለምዶት ይደርሳል። አውሮፕላኑን በተመለከተ፣ የውጭውን ጉዞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ላደረገ ሰው የአገር ውስጡ ትኬት በቅናሽ ሲሸጥ ስለቆየ ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ ያዋጣል። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም።

ወቅት መምረጥም አለ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ቦዮቹ ያዳልጣሉ። የገና በዓል ከሁሉ የደመቀው ነው። ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ማሜ ጋራ አፋፍና ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የሚሉትን ዝማሬ ሲቀባበሉ ለማየት እጅግ ብዙ ምእመናን ይመጣሉ። የአገሩ ሰው ከሩቅ በእግር የመጣውን ተሳላሚ እግሩን አጥቦ ይቀበላል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የሆቴል ክፍል ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን ውስጥ ተረጋግቶ ማየትም የማይታሰብ ነው። ሕንጻውን ለማየት የሚሄድ ሰው ጥቅምትን ወይም ኅዳርን ቢመርጥ፣ በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ደግሞ ጉብኝቱን ለሌላ ጊዜ ቢተው ይሻላል።

ጎብኚው ከላይ የሚያያቸው ግዙፍ የብረት ጥላዎች ከዝናብ መከላከያ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጠናቀቁ ለጊዜው ተብለው ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን የአካባቢው ሰው ይወድቁብናል የሚል ስጋት አልለቀቀውም። እድሳት ለላሊበላ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ሰፊ የጥገና ሥራ መርቷል። ከ2019 የፕሬዚዳንት ማክሮን ጉብኝት በኋላም ፈረንሳይ ከኢትዮጵያ ጋር የጥበቃ ፕሮጀክት ጀምራለች። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ በርካታ ነዋሪዎች ደግሞ ኩራኩር ወደሚባል ሰፈር ተዛውረዋል። በዚህ በኩል ላሊበላና ማቴራ ይቀራረባሉ፦ ምክንያቱ ቢለያይም በሁለቱም ነዋሪው ቦታ ለቋል።

ከሁሉ በላይ የሚቀድመው የጸጥታው ጉዳይ ነው። ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ገብታ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ ወገን እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ከርማለች። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻም በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በከተማዋ ውጊያ ተደርጎ ዩኔስኮ ለቅርሱ ስጋቱን ገልጿል። በዚህ ሁሉ መሐል እንግዳ በመቅረቱ ክፉኛ የተጎዳው አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ሠራተኛና የባጃጅ ሹፌሩ ነው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ቢያገኙ ይጠቀማሉ፤ የሚሄደው ሰው ግን በጭፍን አይነሳ። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ላሊበላ ወይም ወልድያ ያለ ዘመድ ወይም አስጎብኚ ዘንድ በቀጥታ ይደውሉ፤ በረራው በዚያ ሳምንት መኖሩን ያረጋግጡ፤ በመኪና ከወልድያ በጋሸና በኩል ያለውን መንገድ የቅርብ ወሬ ሳይሰሙ አይጀምሩ። መንገዱ ሰላም ከሆነም ጠዋት ደርሶ ማታ የሚመለስ ጉብኝት አይግዙ፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ።