የቪዲዮ ርዝመት የት ነው የሚጻፈው?

መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ተወላጅ አገር ቤት ይገባል። እኔም በየዓመቱ ወልቂጤና ቡታጅራ ስሄድ የሽማግሌዎችን ወግ በቪዲዮ እቀርጻለሁ። ፋይሎቹ ሲበዙ በጠቅላላው የስንት ሰዓት ቀረጻ እንዳለኝ ለማወቅ አጭር ኮድ ጻፍኩ።

በመጀመሪያ ርዝመቱን ከፋይሉ ክብደት ገመትኩና ተሳሳትኩ። ጥራቱ ከፍ ያለ የአምስት ደቂቃ ምስል ጥራቱ ዝቅ ካለ የግማሽ ሰዓት ምስል ሊከብድ ይችላልና። ትክክለኛው መንገድ ፋይሉ ስለራሱ የመዘገበውን ማንበብ ነው። በኤምፒፎር ፋይል ውስጥ ‹‹ሙቭ›› የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ አንዱ ሰከንድ ለስንት እንደተከፈለ፣ ሌላው ጠቅላላ ቆይታው በዚያው መለኪያ ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። ቆይታው 1,620,000፣ መለኪያው 600 ከሆነ፣ ሲካፈል 2,700 ሰከንድ ወይም 45 ደቂቃ ይመጣል። ኤፍኤፍፕሮብ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ በአንድ ትዕዛዝ ያወጣል።

አንዱን ፋይል ግን ኮዴ ዜሮ ብሎ አለፈው። ቡታጅራ ላይ አያቴን ስቀርጽ ባትሪ አልቆ ካሜራው ድንገት የጠፋበት ነበር። ብዙ ካሜራዎች ‹‹ሙቭ››ን የሚጽፉት ቀረጻው ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ምስሉ አለ፣ ማውጫው የለም። አያቴ በዚያው ዓመት አርፈዋል፤ ሌላ ቀረጻ የለኝም። በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል እንደ አብነት ወስዶ የተበላሸውን የሚጠግነውን አንትረንክ የተባለ ፕሮግራም ሞከርኩ። 38 ደቂቃ ተገኘ።

እናንተም በቀረጻችሁ ዕለት ርዝመቱን አረጋግጡ። ዜሮ የሚል ፋይል ስታዩ ግን ባዶ ነው ብላችሁ አትሰርዙት።