ትጥቃችሁን አጥብቁ

አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ የማናወራው ነገር የለም። የቤት ብድር ወለድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የአገር ቤት ፖለቲካ፣ ሁሉም ይነሳል። አንድ ነገር ግን እናልፋለን፤ ከመሀላችን ሽጉጥ ታጥቆ የሚወጣው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚያድር አለ። ትንሽ ግሮሰሪ ከፍቶ የዕለት ገቢውን ይዞ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ መኪናው የሚሄድ አለ። አንድ ጊዜ ተዘርፎ ሁለተኛ አልዘረፍም ያለ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒውዮርኩ ጉዳይ ላይ ከወሰነ በኋላ ደግሞ «ልዩ ምክንያትህን አሳየኝ» ይሉ የነበሩ እንደ ሜሪላንድ ያሉ ግዛቶች ያንን ጥያቄ ትተዋል። በሩ ሰፍቷል። እኔም የቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ፤ ፈቃድ አውጥቼ ከያዝኩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ለንደን ወይም ዱባይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አገር ነው?» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። ሽጉጥ መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። የዛሬው ጉዳዬ ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ ሰው የሚጎዳው ግን በእሱ ነው። ተደብቆ የተያዘ ሽጉጥ ሰው መሀል ሲወድቅ ምን ይሆናል? እንዳይወድቅስ ምን ማድረግ ይገባል?

በአደባባይ የታወቁ ሁለት ታሪኮች ላንሳ።

ፕላክሲኮ በረስ ለኒውዮርክ ጃይንትስ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሚጫወት፣ በ2008 መጀመሪያ በሱፐር ቦውል ማሸነፊያዋን ኳስ የያዘ ዝነኛ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ ማንሃተን ውስጥ ወደ አንድ የምሽት ክበብ ሲሄድ ግሎክ ሽጉጡን ያለ ምንም ማህደር በስፖርት ሱሪው ወገብ ላይ ሻጥ አድርጎት ነበር። ሽጉጡ በሱሪው ውስጥ ወደ እግሩ ተንሸራተተ። ሊይዘው እጁን ሲሰድ ተኮሰና የገዛ ጭኑን መታው። የኒውዮርክ ፈቃድ አልነበረውም፤ የፍሎሪዳው ፈቃዱም ጊዜው አልፎበት ነበር። በ2009 ጥፋቱን አምኖ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ሁለተኛው የጁን 2018 ነው። ከሥራ ውጭ የነበረ አንድ የኤፍቢአይ ባልደረባ ዴንቨር ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲጨፍር ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሽጉጡ ከወገቡ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ተጣድፎ ሲያነሳው ተኮሰ፤ ጥይቱ አጠገቡ የነበረን ሰው እግር መታ። ተንቀሳቃሽ ምስሉን ያላየ ጥቂት ነው። ሰውዬው በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የሁለት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነበት። ልብ በሉ፤ ይሄ ሰው መሣሪያ መያዝ ሙያው ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ የሠለጠነ ነው።

በሁለቱም ታሪኮች ሽጉጡ የተኮሰው ሲወድቅ አይደለም። እጅ ሲያሳድደው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ውስጥ ቃታው ካልተሳበ በቀር መርፌው ጥይቱ ጋ እንዳይደርስ የሚከለክል ብረት አለ። ስለዚህ ደህና የተሠራና ያልተነካካ ሽጉጥ ወለል ሲመታ በአብዛኛው አይተኩስም። ይሄ ሁልጊዜ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። የድሮዎቹ ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨሮች መውደቅ አይችሉም ነበርና የሚያውቁ ሰዎች በመዶሻው ሥር ያለውን ቀዳዳ ባዶ ይተዉት ነበር። በ2017 ሲግ ሳወር ፒ 320 የተባለው ሽጉጥ በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ታይቶ ፋብሪካው በነፃ አስተካክላለሁ ብሏል። ከዚያ በፊት የተሠራ ያለው ሰው መስተካከሉን ያጣራ። ግን ከወለሉ ይልቅ የሚያስፈራው እጅ ነው። የሚወድቅ ነገር የሚያሳድድ እጅ ያገኘውን ይጨብጣል። የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቃታውን ነው።

ኩሽና የሠራ ሰው ይሄን ያውቃል። ቢላዋ ከእጅህ ካመለጠ አትቅለበው፣ እግርህን አሽሽ ይባላል። ሽጉጥም እንደዚያው ነው። ከወደቀ ይውደቅ። ሲቆም፣ ጣትን ከቃታ አርቆ፣ አፈሙዙን ከሰው አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ማንሳት። ኀፍረት ያጣድፋል፤ የሚገድለውም ጥድፊያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠርግ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰዎቹን ላለማሳፈር ቦታውን አልጠራም። ሙዚቃው ሞቋል፣ ወጣቱ መሀል ገብቶ እስክስታውን ያስነካዋል። እስክስታ ደግሞ ትከሻ ብቻ አይደለም፣ ወገብም ይሠራል። ዝቅ ብሎ ሲነሳ ኮቱ ተገለበጠና ሽጉጡ ከነማህደሩ መሬት ላይ ወድቆ ጠረጴዛችን ሥር ድረስ ተንሸራተተ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልክ መስሏቸው «ልጄ፣ ስልክህ ወደቀ!» ብለው ሊያነሱለት ጎንበስ አሉ። ልጁ «ኧረ እማማ፣ ይተዉት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያች ጠረጴዛ ሥር ትንሽ ቀደም ብሎ ሁለት ሕፃናት ድብብቆሽ ሲጫወቱ ነበር።

ማንም አልተጎዳም። ያዳነን ግን ዕድል ብቻ አልነበረም። ሽጉጡ ከማህደሩ አልወጣም፣ ቃታው እንደተሸፈነ ነበር። የከዳው ማህደሩን ከቀበቶው ጋር የሚያያይዘው ክሊፕ ነው። ሱሪው ላይ ተሰክቶ ነበር እንጂ ቀበቶውን አልነከሰም። የሃያ ዶላር ዕቃ የሰው ሠርግ ወደ ለቅሶ ሊለውጥ ምን ያህል እንደቀረበ ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ቋንቋችን ይሄን ጉዳይ ከእኛ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ታጠቀ ስንል ወገቡን አሰረ ማለታችን ነው፤ መሣሪያ ያዘ ማለታችንም ነው። ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው፤ ትጥቅ። ወገብ ላይ ያልታሰረ መሣሪያ በአማርኛው ትርጉም ራሱ ገና ትጥቅ አልሆነም። ገጠር ያደገ ሰው ጠብመንጃ በማንገቻው ትከሻ ላይ ሲውል አይቷል። ረጅም ነው፣ ይከብዳል፣ ሁሉም ያየዋል፤ ማንገቻው ሲላላ ባለቤቱ ወዲያው ይሰማዋል። ኮት ሥር የተደበቀ ሽጉጥ ሌላ ነገር ነው። ሲላላ ማንም አያይም፤ ባለቤቱም ከለመደው በኋላ አይሰማውም። «እኔ መሣሪያ ቤት ነው ያደግሁት» የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ይሄንንም ጨምረው ነው።

እንግዲህ እዚህ ሆልስተር የሚባለው ማህደር ምን ማሟላት አለበት?

አንደኛ፣ ለያዛችሁት ሽጉጥ ዓይነት ተለይቶ የተሠራ ይሁን፤ ቃታውንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ የጨርቅ ከረጢት ለየትኛውም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ይንከስ። ካይዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ማህደር ሽጉጡ ሲገባ ቀጭ ይላል፣ የሚጠብቅበት ብሎንም አለው። ብሎኑ በመንቀጥቀጥ ይላላል፤ በየጊዜው ማየት ነው። ቆዳ ደግሞ በዓመታት ይለሰልሳል፣ ሲያረጅ አፉ ይከፈታል። ሦስተኛ፣ ክሊፑ ቀበቶውን ከሥሩ ይያዝ፤ ቀበቶውም የሽጉጥ ክብደት የሚችል ደረቅ ቀበቶ ይሁን። የሱፍ ልብስ ማሳመሪያ ቀጭን ቀበቶ ይሄን ሥራ አይችልም። ቀበቶ የሌለው የስፖርት ሱሪማ የበረስን ታሪክ ይደግማል።

ፖሊሶች ወገብ ላይ የምታዩት ማህደር ከዚህም አልፎ በአውራ ጣት የሚለቀቅ መቆለፊያ አለው፤ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት። የእነሱ ሽጉጥ ስለሚታይ ሰው ሊነጥቃቸው ይችላል። ደብቆ ለሚይዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥብቅ አያያዝና ደህና ቀበቶ ይበቃል። ግን መብቃቱን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ መፈተን ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ካዝናውን አውጡ፣ ጥይት የጎረሰ እንዳይሆን ሁለት ጊዜ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አኑሩ። ከዚያ ባዶውን ሽጉጥ ማህደሩ ውስጥ አድርጋችሁ አልጋ ላይ ገልብጣችሁ አራግፉት። ከወጣ ያ ማህደር አይሆንም። ካልወጣ ታጠቁትና ጎንበስ በሉ፣ ቁጢጥ በሉ፣ ደረጃ ውጡ ውረዱ፣ ከመኪና ውረዱ፣ ምንጣፍ ላይ እስክስታም ምቱ። እየቀለድኩ አይደለም። የእኛ ኑሮ ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ ያለበት፣ ሕፃን ታቅፎ የሚነሳበት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሰገድበት፣ መስጊድ ሱጁድ የሚወረድበት ኑሮ ነው። ማህደሩ ይሄን ሁሉ መቻል አለበት።

አሠልጣኞች ደጋግመው የሚያነሱት ሌላ ቦታ መጸዳጃ ቤት ነው። ትጥቅ ሲፈታ ቀበቶው ይላላል፣ ሽጉጡ ይንሸራተትና በቀጭኑ ግድግዳ ሥር ጎረቤት ክፍል ይገባል። አውጥቶ የወረቀቱ ሳጥን ላይ ማስቀመጥም ረስቶ መሄድን ያመጣል። ከማህደሩ ሳይወጣ፣ ሱሪው ጉልበት ላይ ተይዞ እንዲቆይ ማድረግ ይሻላል።

እኅቶቼ «ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አይወድቅም» ትሉ ይሆናል። በዲሴምበር 2014 አይዳሆ ግዛት አንድ ዋልማርት ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን በእናቱ ቦርሳ ውስጥ የነበረውን ሽጉጥ አግኝቶ ተኮሰ፤ እናቱ ሞተች። ቦርሳው ሽጉጥ ለመያዝ ተብሎ የተሠራ ነበር። ቦርሳ የጋሪ ላይ ዕቃ ነው፣ ወንበር ላይ የሚንጠለጠል ነው፣ ልጅ ማስቲካ የሚፈልግበት ነው። ወገብ ላይ የሌለ ሽጉጥ የተያዘ አይባልም።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ለእኛ ጉዳዩ ከሌላው አሜሪካዊ የከበደ ነውና። በቨርጂኒያ ሕግ የሰውን ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ በሚጥል ግዴለሽነት መሣሪያ የያዘ ሰው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ይደርስበታል። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠርግ የሚሄድ ሰው ደግሞ ይሄን ይወቅ፤ የቨርጂኒያን ፈቃድ ሜሪላንድም ዲሲም አይቀበሉም። ወንዙን ስትሻገሩ ፈቃዳችሁ ወረቀት ብቻ ነው። እዚያ ሽጉጡ ከወደቀ የወደቀው ሽጉጥ ብቻ አይደለም። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ሕግ ጥሶ መሣሪያ በመያዝ የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ ከአገር ሊባረር ይችላል። ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት ይሄን ስሙ፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሽጉጥ መያዝ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። የጓደኛን ሽጉጥ «እስኪ ያዝልኝ» ተብሎ መቀበልም አያዋጣም። የኡበርና የሊፍት ደንብም ሾፌሩ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል።

«እኔ እኮ ፈቃድ አለኝ» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሜሪላንድ አዲስ ፈቃድ ለሚያወጣ ሰው 16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፤ ሌላ ቦታ በጣም ያንሳል። 16 ሰዓትም ቢሆን ከአንድ ቅዳሜና እሑድ አያልፍም። ፈቃድ ፖሊስ ሲጠይቅ የሚታይ ወረቀት ነው። ክሊፑን አይነክስም፣ ቀበቶውንም አያጠብቅም።

የመጨረሻው ነገር የእኛ የሌሎቻችን ድርሻ ነው። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ይጎዳናል። ወንድማችን ኮቱ ሥር የሆነ ነገር እንዳለ እያየን «ምን አገባኝ» ብለን እናልፋለን። ለምን አንጠይቅም? ሠርግ የሚደግስ ሰው የጥሪ ካርዱ ላይ ልጆች ይምጡ አይምጡ ብሎ ይጽፋል፤ «መሣሪያ ቤታችሁ ይቆይልን» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ማን ይቀየመዋል? የታጠቀውም ሰው ቢሆን መጠጥ ያለበት፣ ጭፈራ ያለበት፣ ሕፃን የሚሯሯጥበት ቦታ ሲሄድ ሽጉጡን ቤቱ የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቢሄድ ወንድነቱ አይቀንስም። መኪና ውስጥ ወንበር ሥር መጣል ግን መቆለፍ አይደለም፤ መስታወት ሰብሮ ለሚመጣው ሌባ ማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ ይሄን ያነበበ ባለ ሽጉጥ ሁሉ ዛሬ ማታ ጥይቱን አውጥቶ፣ ማህደሩን አልጋው ላይ ገልብጦ ያራግፍ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከወጣ፣ አዲስ እስኪገዛ ድረስ ሽጉጡ ቤት ይዋል።