ኢሪያካ ራታና፣ የማኦሪዋ እንደራሴ

ኒው ዚላንድ በ1893 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሴቶች የመምረጥን መብት በመፍቀድ ሌሎቹን አገሮች ቀድማለች። ነገር ግን ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ወገን አንዲት ሴት ለእንደራሴነት የበቃችው ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ቆይቶ ነው።

እኒህም ወይዘሮ ኢሪያካ ራታና ናቸው። የምዕራብ ማኦሪ እንደራሴ የነበሩት ባለቤታቸው ማቲዩ በ1949 ሲሞቱ፣ ወይዘሮዋ ነፍሰ ጡር ሳሉ ለዚያው ወንበር በሠራተኞች ፓርቲ ስም ተወዳደሩ። ማኦሪዎች ነገዳቸውን የሚቆጥሩት አባቶቻቸው ባሕር ከተሻገሩባቸው ታንኳዎች ነውና፣ የንጉሥ ታዊያኦ የልጅ ልጅ ቴ ፑኤያ የታይኑይን ታንኳ ሴት ልትመራ አይገባም ሲሉ ተቃወሟቸው። የሚያስደንቀው፣ ቴ ፑኤያ ራሳቸው ሕዝባቸውን ለብዙ ዘመን የመሩ ሴት መሆናቸው ነው! መራጩ ግን ከ6,000 በሚበልጥ የድምፅ ብልጫ ለወይዘሮ ኢሪያካ ፈረደላቸው።

ፓርቲያቸው በዚያው ምርጫ ከሥልጣን ስለ ወረደ፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ዓመታት በተቃዋሚ ወንበር አሳለፉ። ሚኒስትር አልሆኑም፤ አብዛኛው ድካማቸው ለወገኖቻቸው መኖሪያ ቤትና ወደ ከተማ ለሚፈልሱት ወጣቶች ደኅንነት ነበረ። ወንበሩን የለቀቁት በ1969 ነው። ከዚያ 2 ዓመት አስቀድሞ ፌቱ ቲሪካቴነ-ሱሊቫን ከደቡብ ማኦሪ ተመርጠው ገብተው ነበርና፣ በ1972 ከማኦሪ ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሚኒስትር ሆኑ።