ዕድሜ የጠገበ የመድረክ መብራት ኮንሶል፦ ሶፍትዌሩና የሚያዛቸው መሣሪያዎች

የመድረክ መብራት ኮንሶል በቴአትር ቤት፣ በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ወይም በኮንሰርት አዳራሽ የተሰቀሉ መብራቶችን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ኮንሶሉ ራሱ ለመብራቶቹ ኃይል አይሰጥም። ሥራው የትኛው መብራት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚበራ ትእዛዝ መላክ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ዲመር የሚባለው ሌላ መሣሪያ ነው። አሁን ያሉት ኤልኢዲና ተንቀሳቃሽ መብራቶች ግን ትእዛዙን በቀጥታ ይቀበላሉ።

በደንብ የተሠራ ኮንሶል ብረቱና ፌደሮቹ (የብርሃን መጠን የሚስተካከልባቸው ተንሸራታች መቆጣጠሪያዎች) ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። ቀድሞ የሚያረጀው ሶፍትዌሩ ነው፤ አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆማል፣ መለዋወጫም ይጠፋል። ስለዚህ የአንድ አሮጌ ኮንሶል ዋጋ የሚለካው በተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም። ሶፍትዌሩ ምን ማድረግ ይችላል? ከየትኞቹ የውጭ መሣሪያዎች ጋርስ ይግባባል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ተቋም የሚሠራ ዕቃ ሊጥል ወይም የማይሠራ ዕቃ ይዞ ሊቸገር ይችላል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የሚዲያ ግቢ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሸጎሌ ይገኛል። ቴአትር ቤትና ስቱዲዮ ከኮንሶል የሚፈልጉት አንድ ዓይነት አይደለም። ቴአትር በየምሽቱ ሳይዛነፍ የሚደገም የመብራት ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ስቱዲዮ ደግሞ ለረጅም ሰዓት የማይለዋወጥና በካሜራ ፊት የማይርገበገብ ብርሃን ይሻል።

ከእጅ ወደ ማህደረ ትውስታ

በጥንቱ አሠራር እያንዳንዱ ዲመር የራሱ እጀታ ነበረው፤ ትዕይንት ሲቀየር ብዙ ባለሙያዎች አንድ ላይ እጀታ ይጎትቱ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ሁለት ረድፍ ፌደር ያላቸው ቦርዶች ናቸው። አንዱ ረድፍ መድረኩን ሲያበራ በሌላው ላይ የሚቀጥለው ትዕይንት ይዘጋጃል። መጠኖቹን ራሱ የሚያስታውስ ኮንሶል የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ የእንግሊዙ ቶርን ኩባንያ ለቢቢሲ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ የሠራው ኪው-ፋይል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በ1975 (እ.ኤ.አ.) «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በኒውዮርክ ብሮድዌይ በኮምፒውተር ኮንሶል በርቶ ታየ፤ የመብራት ንድፉን የሠራችው ታሮን ሙሰር ናት። ዛሬ በየአዳራሹ «አሮጌ» የሚባሉት ግን በአብዛኛው የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራዎች ናቸው፦ የስትራንድ 300 እና 500፣ የኢቲሲ ኤክስፕረስና ኤክስፕሬሽን፣ የአቮላይትስ ፐርል፣ ሆልሆግ 2፣ የመጀመሪያው ግራንድኤምኤ።

የሶፍትዌሩ ሥራዎች

የኮንሶል ሶፍትዌር መሠረት ፓች ነው። ፓች ባለሙያው የሚጠቀምበትን የቻናል ቁጥር ከዲመሩ ወይም ከመብራቱ አድራሻ ጋር ያገናኛል። በዚህ ምክንያት ከመድረኩ በስተግራ ያሉ ስድስት መብራቶች ገመዳቸው የትም ይሂድ የት በአንድ ቻናል ሊታዘዙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ኪው ነው። ኪው አንድ የተመዘገበ የብርሃን ሁኔታ ሲሆን የመግቢያና የመውጫ ጊዜ ይሰጠዋል። አዲሱ ብርሃን በ5 ሰከንድ ሲገባ የቀድሞው በ8 ሰከንድ ይወጣል እንደማለት ነው። ኪዎቹ በተራ ይደረደራሉ፤ የመድረክ መሪው ምልክት ሲሰጥ የመብራት ባለሙያው «ጎ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ሰብማስተር ደግሞ አንድን የመብራት ቡድን በአንድ ፌደር ለማዘዝ ያገለግላል። ተከታታይ ቁልፎችን በአንድ ቁልፍ የሚያስኬደው ማክሮ፣ መብራቶችን በዙር የሚያበራው ቼዝ፣ መድረኩ ላይ ያለውን ብርሃን ሳይነኩ ሌላ ኪው ለማረም የሚያስችለው ብላይንድም በአብዛኞቹ አሮጌ ኮንሶሎች ላይ አሉ።

ሁለት ትእዛዞች አንድን ቻናል ሲሻሙ ሶፍትዌሩ በሁለት ሕጎች ይዳኛል። በአንደኛው ሕግ ከፍተኛው መጠን ያሸንፋል፤ ይህ ለብርሃን መጠን ተስማሚ ነው። በሁለተኛው ሕግ የመጨረሻው ትእዛዝ ያሸንፋል፤ አቅጣጫና ቀለም ለሚቀያይሩ መብራቶች የሚበጀው ይህ ነው። ለተራ አምፖል ብቻ የተሠሩ ቀደምት ኮንሶሎች ሁለተኛውን ሕግ በሚገባ ስለማያውቁ ተንቀሳቃሽ መብራት ሲገጠምላቸው ይቸገራሉ። የመብራቱን ባሕርይ የሚገልጸው መረጃም በማህደራቸው ስለማይገኝ ባለሙያው ቻናል በቻናል ራሱ መጻፍ ይኖርበታል።

ዲኤምኤክስ፦ የጋራው ቋንቋ

አሮጌ ኮንሶል ከዘመኑ መብራት ጋር እንዲሠራ ያስቻለው ዲኤምኤክስ512 የተባለው ስምምነት ነው። በአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም በ1986 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በ1990 ተሻሻለ። ከዚያ በፊት በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ዲመር ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚያስተላልፍ የራሱ ሽቦ ያስፈልገው ነበር፤ አምራቾችም የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ዲኤምኤክስ በአንድ ገመድ 512 አድራሻዎችን ያዛል። በሰከንድ 250,000 ቢት ይልካል፤ 512ቱንም አድራሻዎች በሰከንድ 44 ጊዜ ያህል ያድሳል። እያንዳንዱ አድራሻ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይቀበላል። ለተንቀሳቃሽ መብራት አቅጣጫ 256 ደረጃ ስለማይበቃ ሁለት አድራሻዎች ተጣምረው 65,536 ደረጃ ይሰጣሉ።

በዚህ መስመር የሚታዘዘው መብራት ብቻ አይደለም። የጭስ ማሽን፣ ባለቀለም ላስቲክ የሚያሽከረክር መሣሪያ፣ የፕሮጀክተር መዝጊያና ሪሌይ ሁሉ ዲኤምኤክስ ይቀበላሉ። ሆኖም ስምምነቱ ስሕተት የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ርችት ለመተኮስም ሆነ ሰው ወይም ከባድ ዕቃ ለማንሳት ሊውል አይገባም።

የገመዱ ሥርዓትም መጠበቅ አለበት። መሣሪያዎቹ ከአንዱ ወደ አንዱ በተራ ይያያዛሉ፣ በመጨረሻው ላይ 120 ኦም መቋቋሚያ ይደረጋል፣ በአንድ መስመር ላይም ከ32 መሣሪያ በላይ አይጫንም። የማይክሮፎን ገመድ ተመሳሳይ ጫፍ ቢኖረውም ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ኦፕቶ ስፕሊተር የተባለው መከፋፈያ በአንድ መስመር የደረሰ የኤሌክትሪክ ጉዳት ወደ ኮንሶሉ እንዳይመለስ ይከላከላል፤ መለዋወጫ ለማይገኝለት ኮንሶል ይህ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ከውጭ የሚታዘዝ ኮንሶል

ኮንሶል ራሱም ከሌላ መሣሪያ ትእዛዝ ሊቀበል ይችላል። ቀላሉ መንገድ ሁለት ሽቦ ሲነካካ «ጎ» የሚያስነሳው የርቀት ቁልፍ ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ሚዲ ሲሆን በ1983 (እ.ኤ.አ.) ለሙዚቃ መሣሪያዎች የወጣ ነው። በ1991 በዚሁ ላይ ለትዕይንት የተዘጋጀ የትእዛዝ ቋንቋ ተጨመረለት፤ «ኪው 12ን አስጀምር» ወይም «አቁም» የሚሉ መልእክቶች በእሱ ይተላለፋሉ። ኪውላብን የመሰለ የድምፅ ሶፍትዌር በዚህ መንገድ አሮጌ ኮንሶልን ከድምፁ ጋር እኩል ማስነሳት ይችላል።

ሦስተኛው ታይም ኮድ ነው። ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ፍሬም የሚቆጥር ምልክት ከተቀዳ ድምፅ ወይም ምስል ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ኮንሶሉም በተወሰነለት ቅጽበት ኪውን ያስነሳል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚጠቀመው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሠራር የኮንሶሉና የምስሉ ቆጠራ አንድ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ከምስሉ ይለያል።

በኔትወርክ በኩል አርትኔት በ1998፣ ኤስኤሲኤን ደግሞ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ወጡ። ሁለቱም ብዙ የዲኤምኤክስ መስመሮችን በአንድ የኔትወርክ ገመድ ያስተላልፋሉ። ከእነሱ በፊት የተሠሩ ኮንሶሎች ኔትወርክ ቢኖራቸውም የአምራቹን ብቻ ያውቃሉ፤ የስትራንድ ሾውኔትና የኢቲሲ ኢቲሲኔት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። መፍትሔው ጌትዌይ ነው። የኮንሶሉን የዲኤምኤክስ መውጫ ተቀብሎ ወደ አርትኔት ወይም ኤስኤሲኤን ይለውጠዋል። አንዳንድ ጌትዌይ የአሮጌውንና የአዲሱን ኮንሶል ትእዛዝ ስለሚያዋህድ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ።

ዕድሜውን ማራዘም

ቀድሞ የሚጠፋው የተመዘገበው ሥራ ነው። ብዙዎቹ ኮንሶሎች በ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዲስክ ስለሚያስቀምጡ፣ ድራይቩን በፍላሽ ዲስክ በሚሠራ ምትክ መቀየር ተገቢ ነው። ኮንሶሉ ኪዎቹን በአስኪ ጽሑፍ ማውጣት ከቻለ ያ ፋይል በሌላ አምራች ኮንሶል ላይ ሊነበብ ይችላል። የፓችና የኪው ዝርዝርም በወረቀት መታተም አለበት። ውስጥ ያለው ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ ማስተካከያዎቹ ስለሚጠፉ በጊዜው ይለወጣል፤ የኃይል አቅራቢ ክፍሉ ካፓሲተሮች ይመረመራሉ፤ ፌደሮቹ ከአቧራ ይጸዳሉ። ከውጭ የመጣ ኮንሶል ለ220 ቮልት መስተካከሉ ሳይረጋገጥ አይሰካም። መብራት ሲቋረጥና ጀነሬተር ሲተካ ኮንሶሉ ድንገት እንዳይጠፋ በዩፒኤስ መሠራት አለበት። የኤልኢዲ መብራት በዲመር ላይ አይሰካም፤ ኃይል በዲመር ሳያልፍ ይሰጠውና ትእዛዙን በዲኤምኤክስ ይቀበላል።

ኮንሶሉ ኪዎቹን በትክክል እያስኬደ፣ ሥራው ተገልብጦ እየተቀመጠና የዲኤምኤክስ መውጫው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚጣልበት ምክንያት የለም። ለተውኔት፣ ለስብሰባ፣ ለተማሪዎች ልምምድና ለመጠባበቂያነት ያገለግላል። በርካታ ተንቀሳቃሽ መብራትና ከ1,024 (ከሁለት የዲኤምኤክስ መስመር) በላይ አድራሻ ለሚፈልግ ትልቅ ዝግጅት፣ ወይም በየጊዜው ራሱን እየዘጋ ትዕይንት ለሚያቋርጥ ኮንሶል ግን አዲስ መግዛት ይሻላል።