ከ«ለሽያጭ» ሰሌዳው ሥር የሚቀበረው ዮሴፍ

ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ ይሠራል፤ ጢማም፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰ፣ አንዳንዴ ሕፃን ያቀፈ፣ አንዳንዴ የአናጢ መሣሪያ የያዘ ሰው። ከጎኑ የጸሎት ካርድ ይቀመጥለታል፤ የት እንደሚቀበርና ፊቱ ወዴት እንደሚዞር የሚያስረዳ ወረቀትም ይጨመርበታል። በአሜሪካ የካቶሊክ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ከአማዞን አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣትም ይቻላል። ገዢዎቹን አንድ ጭንቀት ያገናኛቸዋል፤ ቤታቸው አልሸጥ ብሏቸዋል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሻጩ የቅዱስ ዮሴፍን ምስል በጨርቅ ወይም በላስቲክ ይጠቀልላል፤ «ለሽያጭ» የሚለው ሰሌዳ ከተተከለበት አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ይምሳል፤ ምስሉን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይቀብረዋል። ፊቱ ወደ ቤቱ ይሁን የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ወደ መንገዱ ነው የሚሉም አሉ። ግቢ የሌለው የአፓርታማ ባለቤት በአበባ ማስቀመጫ አፈር ውስጥ ይቀብራል። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ በየዕለቱ ይደገማል። ቤቱ ሲሸጥ ዮሴፍ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ታጥቦም በአዲሱ ቤት የክብር ቦታ ይሰጠዋል። ተረስቶ የቀረ እንደሆነ ያ መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል ይላሉ ልማዱን የሚያውቁት። ይህን የሚያደርጉት ካቶሊኮች ብቻ አይደሉም፤ ፕሮቴስታንቱም አይሁዱም ይቀብራል። ምስሉን ገዝተው ለደንበኞቻቸው የሚሰጡ የቤት ደላሎችም አሉ።

ከቅዱሳን ሁሉ ዮሴፍ ለምን እንደተመረጠ ለመገመት አያስቸግርም። አናጢ ነው፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በ1870 የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ብለው ሰየሙት፤ ፒዮስ 12ኛ ደግሞ በ1955 ሜይ 1 ቀንን የሠራተኛው ዮሴፍ በዓል አድርገው ደነገጉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን አረጋዊው ዮሴፍ ብሎ ያውቀዋል፤ ዕረፍቱን ሐምሌ 26 ቀን ያስባል፤ በወርኃ ጽጌም እመቤታችንን ከነልጇ ይዞ ወደ ግብፅ መሰደዱን ያስታውሳል። ቤት ለቆ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ቅዱስ ማግኘት ይከብዳል። በቤተልሔም ማደሪያ አጥቷል፤ በግብፅ በእንግድነት ኖሯል፤ ተመልሶም በናዝሬት እንደገና ጎጆ ቀልሷል።

የልማዱ መነሻ ናቸው ተብለው የሚተረኩት ታሪኮች ግን እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። አንዱ ወደ ስፔን ይወስዳል። የአቪላዋ ቅድስት ቴሬዛ በ1562 በዮሴፍ ስም ገዳም በመሠረተችበት ዘመን፣ መነኮሳይያቱ ለገዳም የሚሆን መሬት እንዲገኝ የዮሴፍን ሜዳሊያ ይቀብሩ ነበር ይባላል። ሌላው የጀርመን አናጢዎች ምስሉን በሚሠሩት ቤት መሠረት ውስጥ ያኖሩ ነበር ይላል። ሰውና ቦታ ጠርቶ ዓመት ቆጥሮ የሚናገረው የካናዳው ነው።

አንድሬ ቤሴት በ1845 በኩቤክ ተወለዱ፤ ገና በ12 ዓመታቸው እናትም አባትም አልነበራቸውም። ጤናቸው ደካማ፣ ትምህርታቸውም ትንሽ ስለነበር የቅዱስ መስቀል ማኅበር ሲቀበላቸው በሞንትሪያል የኖትርዳም ኮሌጅ በረኛ አደረጋቸው። 40 ዓመት ያህል በዚያ በር አገለገሉ። ከኮሌጁ ፊት ለፊት ሞን ሮያል የተባለው ተራራ ይታያል፤ ወንድም አንድሬም እዚያ ላይ ለዮሴፍ ቤተ ጸሎት ተሠርቶ ማየት ይመኙ ነበር። መሬቱ ግን የሰው ነው፤ ባለቤቱም የሚሸጥ አልነበረም። በረኛው ወደ ተራራው እየወጡ የዮሴፍን ሜዳሊያ በአፈሩ ውስጥ ይቀብሩ ጀመር። በ1896 ማኅበሩ ቦታውን ገዛ፤ በ1904 አንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት ቆመች።

ትልቁ ባዚሊካ በ1924 ተጀምሮ ሳለ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ገንዘቡን አደረቀው፤ ሕንፃው ያለ ጣሪያ ቀረ። በ1936 የ91 ዓመት አዛውንት የነበሩት አንድሬ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ የዮሴፍን ሐውልት ክፍት በሆነው ሕንፃ መሃል አቁሙት፣ ጣሪያ ከፈለገ ራሱ ያመጣዋል አሉ። እንደ ቃላቸው ተደረገ። ጣሪያውን ሳያዩ በጃንዋሪ 1937 አረፉ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አስከሬናቸውን ተሰናበተ። ሥራው ቀጥሎ በ1967 ተጠናቀቀ፤ ቫቲካንም በ2010 የበረኛውን ቅድስና አወጀች።

ይህን ታሪክ ከዛሬው ልማድ ጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። በአቪላም በሞንትሪያልም ልመናው መሬት ለማግኘት ነበር፤ የዛሬዎቹ አሜሪካውያን የሚለምኑት ግን መሬቱ ከእጃቸው እንዲወጣላቸው ነው። መዘቅዘቁም በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ የለም። ቅዱስን አስጨንቆ ጉዳይ ማስፈጸም በሌላም አገር አለ፤ በፖርቱጋልና በብራዚል ባል የምትሻ ሴት የፓዱዋውን የቅዱስ አንቶኒዮን ምስል ዘቅዝቃ ታቆመዋለች፤ የፈለገችው እስኪደርስላት አታቃናውም። በእኛ ዘንድ ስለት የሚሳል ሰው የለመንኩት ከተፈጸመልኝ ጃንጥላ አገባለሁ፣ ጧፍ አመጣለሁ ይላል እንጂ ታቦቱን አያስፈራራም። ቆፍሮ አውጥቶ በክብር ማስቀመጡ ከስለት ጋር ይቀራረባል፤ በጭንቅላቱ አፈር ውስጥ መድፋቱ ግን ልመናም ምስጋናም አይደለም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ልማዱን አልባረከችም። በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2111 ላይ፣ የልብ ዝንባሌ ሳይኖር ጸሎቱና ምልክቱ በራሱ ኃይል ይሠራል ብሎ ማመን አጉል እምነት ውስጥ መውደቅ ነው ብሎ ያስተምራል። ብዙ ካህናት ለሚጠይቃቸው ምእመን የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ምስሉን ከአፈር አውጣው፣ መስኮት ላይ አቁመው፣ ከቤተሰብህ ጋር ሆነህ ጸልይ። ትክክለኛ ምክር ነው።

ቀባሪዎቹን ለመውቀስ ከመቸኮል በፊት ግን ያሉበትን ሁኔታ ማየት ይገባል። የምስሉ ገበያ የሚደራው የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በ1990ዎቹ መባቻ እንዲያ ነበር፤ ከ2007 በኋላ በመጣው የቤት ዋጋ ውድቀት ጊዜ ደግሞ ይበልጡን። ያኔ ብዙ ሻጭ የሁለት ቤት ሞርጌጅ ይከፍል ነበር፤ አንዱ በሌላ ግዛት ሥራ አግኝቶ ቤቱ አላንቀሳቅሰው ብሏል፤ ሌላዋ የሟች እናቷን ቤት ሸጣ ከወንድሞቿ ጋር መካፈል አለባት። ደላላው የሚለውን ብሏል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ ሣሩ ታጭዷል፤ የቀረው መጠበቅ ነው። ለዚህ ሰው ትንሿ ጉድጓድ የምትሰጠው ነገር አለ። እጁ አንድ ሥራ ያገኛል፤ ልቡም የኖረበትን ቤት መልቀቁን ይቀበላል። ሰው ልጅ የወለደበትን ቤት እንደ ማንኛውም ዕቃ አይሸጥም፤ ወረቀት ብቻ ፈርሞ መውጣት ይከብደዋል።

ቤቱን ዮሴፍ ሸጠው ወይ ለሚለው መልሱ ከቅደም ተከተሉ ይገኛል። ሰው ምስሉን የሚቀብረው አብዛኛውን ጊዜ ወራት ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ ነው፤ ዋጋ የሚቀንሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ቤቱ ሲሸጥ የሚወራው ስለ ምስሉ ይሆናል፤ የተቀነሰውን 20 ሺህ ዶላር የሚያነሳ አይኖርም። ቀብሮ ያልተሸጠለትም ታሪኩን አይናገርም።

በዋጋ ላይ ለውጥ የሚያመጣው የገዢው እምነት ነው። በብዙ ቻይናውያን ዘንድ 4 ቁጥር የሞት፣ 8 ደግሞ የሀብት ምልክት ነው። በካናዳዋ ቫንኩቨር የቤት ሽያጮችን የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የቻይናውያን ድርሻ ከአማካይ በላይ በሆነባቸው ሰፈሮች ቁጥሩ በ4 የሚያልቅ ቤት 2.2 በመቶ ረክሶ፣ በ8 የሚያልቀው 2.5 በመቶ ተወድዶ እንደሚሸጥ አሳይተዋል። በቶሮንቶ አቅራቢያ የሪችመንድ ሂል ከተማ ምክር ቤት በ2013 ለአዳዲስ ቤቶች 4 ቁጥር እንዳይሰጥ ወስኗል። ስለዚህ በእነዚያ ከተሞች የሚሠራ ደላላ እርሱ አመነም አላመነም የቤት ቁጥር ማየት አለበት። ከበሩ ትይዩ ደረጃ መኖሩን የሚጠይቅ የፌንግ ሹዊ (የቻይናውያን የቤት አቀማመጥ ልማድ) ተከታይ፣ ዋናው በር ወደ ምሥራቅ ይዞር እንደሆነ የሚመለከት የቫስቱ (የሕንዳውያን የቤት አሠራር ልማድ) ተከታይ ሕንዳዊም ይመጣበታል። የፌንግ ሹዊ አዋቂዎች ለሻጭ ከሚሰጡት ምክር አብዛኛው የተከማቸ ዕቃ አውጣ፣ ብርሃን አስገባ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አስጠግን የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ የትኛውም ገዢ የሚወደው ነገር ነው።

ጭስም አለ። በአሜሪካ ከሽያጭ በፊት ቤቱን ከቆየ ኀዘንና ጠብ «ለማጽዳት» ነጭ ሴጅ የተባለውን መዓዛማ ቅጠል የሚያጨሱ ሻጮች በዝተዋል። ከዕጣን፣ ከከርቤና ከወገርት ጋር ላደገ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቅጠሉ ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ አለበት። ነጭ ሴጅ የሚበቅለው በደቡብ ካሊፎርኒያና ከእርሱ በሚዋሰነው የሜክሲኮ ምድር ነው፤ ለቹማሽና ለካዊያ ሕዝቦች ቅዱስ ተክል ነው። የእነዚህና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ሥርዓተ አምልኮ ለረጅም ዘመን ሲታገድ ኖሮ የሃይማኖት ነጻነታቸውን የሚጠብቅ ሕግ የወጣላቸው በ1978 ነው። ዛሬ ገበያው ቅጠሉን ስለፈለገው ሌቦች ከተከለሉ ቦታዎች ሳይቀር በጆንያ እየነቀሉ ይወስዱታል። ቤት ለመሸጥ ተብሎ የሌላውን ቅዱስ ነገር ማራቆት ነውር ነው።

በአይሁድ ሕግ ያለው ሥርዓት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ለሻጩ የሚያስገኝለት ጥቅም የለውም። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን እንደሚያውቁት በአይሁድ ቤት መቃን ላይ የቶራ ቃል የተጻፈበት ብራና፣ መዙዛ፣ ይሰቀላል። የሚገባው ሰው አይሁድ ከሆነ ለቃቂው መዙዛውን ነቅሎ እንዳይሄድ ታልሙድ ያዝዛል። የእኛም ልማድ ወደዚህ ያደላል፤ ካህን ተጠርቶ ጸሎት የሚያደርሰውና ጠበል የሚረጨው አዲስ ቤት ሲገባ ነው። ሁለቱም የሚያስቡት ቤቱን ለሚኖርበት ሰው ነው፤ በዚህ የተነሳ ከሽያጭ ሥርዓቶች ሁሉ በላይ ክብር ይገባቸዋል።

ስለሚገባው ሰው ማሰብ በፍርድ ቤትም የታየበት ጊዜ አለ። በኒውዮርክ ግዛት፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር ባለችው ኒያክ፣ አንዲት ባለቤት ቤቴ ውስጥ መናፍስት አሉ ብላ ለሪደርስ ዳይጀስት መጽሔትና ለአካባቢው ጋዜጣ ስትናገር ቆይታ ቤቱን በ650,000 ዶላር ለመሸጥ ተዋዋለች። ከኒውዮርክ ከተማ የመጣው ገዢ ይህን አልሰማም ነበር፤ ሲሰማ ውሉ ይፍረስልኝ አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1991 ሻጯ ለዓለም የተናገረችውን አሁን መካድ አትችልም፤ በሕግ ፊት ቤቱ መናፍስት ያሉበት ነው ብሎ ውሉን እንዲያፈርስ ፈቀደለት። የጃፓን መንግሥት ደግሞ በ2021 ባወጣው መመሪያ በእርጅና ወይም በበሽታ የደረሰን ሞት ለገዢ መንገር ግዴታ እንዳልሆነ፣ ግድያና ራስን ማጥፋት ግን የሚነገር መሆኑን ለይቶ አስቀምጧል።

በውጭ አገር ቤት ለመግዛት የተነሳ አንባቢ እንዲህ ካሉ ሕጎች ቢያንስ የካሊፎርኒያውን ይወቅ። በቤቱ ውስጥ የሰው ሞት ደርሶ ከሦስት ዓመት በላይ ካለፈው ሻጩ ራሱ አንስቶ የመናገር ግዴታ የለበትም። ገዢው በቀጥታ ከጠየቀ ግን፣ ዘመኑ የቱንም ያህል ቢርቅ፣ እያወቀ መዋሸት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።