ሁለተኛው ባትሪ መጠባበቂያ አይደለም

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። የደወሉት አባቴ ናቸው። "ልጄ፣ መኪናው እምቢ አለኝ" አሉኝ።

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎረስት ፓርክ ካለው የገበሬዎች ገበያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጭነው ክላርክስተን ላሉ የሐበሻ ሱቆች ያደርሳሉ። መኪናቸው በናፍጣ የሚሠራ ፎርድ ኤፍ 250 ፒክ አፕ ነው። መኪናው ካልተነሣ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ባለሱቆቹም ሌላ አቅራቢ ይፈልጋሉ።

ስደርስ ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ያያሉ። ኮፈን የሞተሩ ክዳን ነው። የመኪና ቃላችን ብዙው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን ዕቃ ሞተሪኖ የምንለውም ለዚህ ነው። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሪኖው "ጠቅ፣ ጠቅ" ብቻ አለ። መኪናው ሁለት ባትሪ አለው፤ የሁለቱም ጉልበት አልቆ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዓመት በፊት አንደኛው ባትሪ ሲሞት አባቴ "ሁለቱንም ብንቀይር አይሻልም?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ማስተርሴንም ውጭ አገር ተምሬ ነው ያገኘሁት። በእኛ ሥራ ሁለት ሰርቨር የሚቆመው አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲሸከም ነው። የመኪናውም ሁለተኛ ባትሪ እንደዚያ መጠባበቂያ መሰለኝና "አንዱ ይበቃል፣ 200 ዶላር ለምን ይባክናል?" አልኳቸው። አመኑኝ።

ያን ሌሊት ከጎረቤት መኪና በኬብል አስነሣነው። አባቴ ግን ዘግይተው ደረሱ፤ አንዱ ሱቅ ሽንኩርቱን ከሌላ ሰው ገዝቶ ጠበቃቸው። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ሻይ እየጠጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ "ጥማድ በሬ ታውቃለህ?"

አባቴ ያደጉት ጎጃም ገጠር ነው። ጥማድ ማለት በአንድ ቀንበር አብረው የሚያርሱ ሁለት በሬዎች ናቸው። "አንደኛው ከደከመ ብርቱው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እርሻውን ያርሳል፣ ጓደኛውንም ይጎትታል። በመጨረሻ ሁለቱም ይተኛሉ" አሉኝ።

ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ አየሩን በኃይል ጨምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣውም በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ያን ሁሉ አየር የሚጨምቅ ከባድ ሞተር ለማዞር ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተያይዘው እኩል ይሠራሉ። ቮልቱ 12 እንደሆነ ይቀራል፤ አምፒሩ ይደመራል። እያንዳንዱ 750 ከሆነ አብረው 1,500 ይሰጣሉ ማለት ነው። አንዱ ካረጀ ግን ብርቱው ጉልበቱን ለደካማው ያፈሳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። የዛሬ ዓመት የገዛሁት "አዲሱ" ባትሪ የሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ስለሚያያዙ ቮልቱ ይደመራል። የእኛን ፒክ አፕ እንደዚያ ብናያይዘው ኮምፒውተሩ ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የኬብሎቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።

ባትሪ ስትለኩ ለያይታችሁ ለኩ። ተያይዘው ሳሉ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚያሳዩ ደካማው ይደበቃል። እኛ ሞልተናቸው፣ ለያይተን አሳደርናቸው። ጤናማ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። አሮጌው 11.9 አሳየ። ሌላው 12.4 ቢያሳይም መለዋወጫ መደብር ወስደን በጭነት ሲፈተን ወደቀ። ብዙ መደብሮች ይህን ምርመራ በነጻ ያደርጋሉ።

ስትገዙ አራት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠንና አንድ ዕድሜ ይሁኑ። የእኛ መጠን ግሩፕ 65 ነው፤ የእናንተን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ ሲሲኤ የሚባለውን ቁጥር ተመልከቱ። ባትሪው በ0 ዲግሪ ፋራናይት ብርድ ለ30 ሰከንድ የሚሰጠው አምፒር ነው፤ መመሪያው ከሚለው አይነስ። ሦስተኛ፣ የተሠራበትን ቀን አንብቡ። በብዙ ባትሪዎች ላይ ፊደሉ ወሩን፣ ቁጥሩ ዓመቱን ያሳያል፤ "ኤ" ጃንዋሪ፣ "ቢ" ፌብሩዋሪ ነው። መደርደሪያ ላይ የቆየ አትግዙ። አራተኛ፣ ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት ውድ ነው፣ ንዝረትን ግን በደንብ ይችላል። ከተራው ጋር አትቀላቅሉት፤ አሞላላቸው ይለያያል።

"አትላንታ እኮ ሞቃት ናት፣ ብርድ ምን አገባው?" ትሉ ይሆናል። ባትሪን ውስጡን የሚጎዳው የበጋው ሙቀት ነው፤ ብርዱ ጉዳቱን ያጋልጣል። በ2022 የገና ሰሞን የከተማችን ሙቀት ከ10 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ ታስታውሳላችሁ። እንደዚያ ያለ ጠዋት የደከመ ባትሪን አይምርም።

ስትቀይሩ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ባትሪው አሲድ አለው፤ የሚቀጣጠል ጋዝም ስለሚያወጣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ። መጀመሪያ የሁለቱንም ባትሪዎች ኔጋቲቭ ፍቱ። አንዱን ብቻ ፈትታችሁ ፖዘቲቩን ብትነኩ በሌላው ባትሪ በኩል ኤሌክትሪክ አለ። ስትመልሱ ፖዘቲቮቹን አስቀድሙ፣ ኔጋቲቮቹ መጨረሻ ይሁኑ። ጫፉ ላይ ነጭ ዝገት ካለ በውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይጸዳል። አሮጌዎቹን ለሸጠላችሁ መደብር መልሱ፤ ስትገዙ ያስያዛችሁትን ገንዘብ ታገኛላችሁ፣ እርሳሱም እንደገና ይቀለጣል።

እኛ ሥራውን በአንድ ሰዓት ጨረስን። አባቴ ፍቺውን ያዙ፣ እኔ መብራቱን። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። "አሁን ጥማዱ ሞላ" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ አልጮኸም። እኔ ግን ነቅቼ ነበር። ደወልኩላቸው፤ መንገድ ላይ ነበሩ።

እናንተም አንድ ቀን ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር የመኪናውን ኮፈን ክፈቱና የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በአማርኛ ጠይቋቸው። ምክራቸውንም እኔ እንዳደረግሁት አትለፉት፤ ሁለት ባትሪ በከንቱ ከመግዛት ያድናችኋል።