ዕቃው ደርሷል ወይስ ገብቷል?

ከአምቦ ወደ እጃጂ በአውቶቡስ ዕቃ ለተላከለት ሰው ሁለት ዓይነት ስልክ ሊደወልለት ይችላል፤ «መናኸሪያ ደርሷል፣ መጥተህ ውሰድ» ወይም «ቤትህ አስገብተነዋል»።

የኔትወርክ ላይብረሪን ከአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ ሌላው ማሸጋገር የሚከብደው በዚሁ ልዩነት ነው። የሊኑክሱ የማሳወቂያ ሥርዓት ኢፖል እና እ.ኤ.አ. በ2000 ከፍሪቢኤስዲ ጋር የመጣው ኬኪው «ዳታው ደርሷል፣ አንብበው» ይላሉ። የዊንዶውሱ አይኦሲፒ ግን የዳታውን ማስቀመጫ አስቀድሞ ተቀብሎ፣ ንባቡ ሲያልቅ ያሳውቃል።

ኖድ ጄኤስ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የሚሠራው በሊኑክስና በማክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር ሊብዩቪ የተባለው ላይብረሪ ተወለደ። እሱም በኢፖልና በኬኪው ላይ ንባቡን ራሱ ፈጽሞ፣ ለፕሮግራመሩ በሁሉም ሲስተም «ተነቧል» የሚል አንድ መልስ ያደርሳል።

ትንንሾቹ ልዩነቶችም ያደናቅፋሉ፦ በዩኒክስ በ«ክሎዝ» የሚዘጋው ሶኬት በዊንዶውስ «ክሎዝሶኬት» ይፈልጋል፤ አስቀድሞ «ደብሊውኤስኤስታርትአፕ» ካልተጠራም ጭራሽ አይከፈትም።